ከስብከት ወንበር እስከ ፀረ-ባርነት ትግል፦ የአንድ የድምፅ ትምህርት ግምገማ

ይህ ተከታታይ የድምፅ ትምህርት «ሁለተኛው ታላቅ መነቃቃት» በመባል የሚታወቀው ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ ማኅበራዊ ለውጥን እንዴት እንደቀሰቀሰ ይተርካል። የተከፈለበትን ያህል ያስተምራል፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍል እኩል አልተደከመበትም።

ከሁሉም የሚልቀው ስለ ሮቸስተር የሚያወሳው ክፍል ነው። የኢሪ ቦይ በ1825 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ በዱቄት ንግድ በፈጣን ሁኔታ ያደገችው ይህች የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ከ1830 እስከ 1831 የቻርለስ ፊኒን ስብከት አስተናግዳለች። ቀድሞ የሕግ ባለሙያ የነበረው ፊኒ በዳኞች ፊት እንደሚከራከር ጠበቃ አድማጩን እዚያው እንዲወስን ይወተውት፣ ስለ ነፍሳቸው የተጨነቁትንም ከፊት ባለው አግዳሚ ወንበር እያስቀመጠ ይጸልይላቸው ነበር። መምህሩ እዚህ ላይ አለመቸኮሉ የሚያስመሰግነው ነው፤ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ኃጢአት ዕጣ ፈንታ ሳይሆን ምርጫ ከሆነ፣ ባሪያ ማሳደርም ቀስ በቀስ የሚቀር ሳይሆን ዛሬውኑ የሚተው ኃጢአት ይሆናል። በፊኒ ስብከት የተለወጠው ቴዎዶር ዌልድ በ1834 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ በሚገኘው የሌን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ለ18 ምሽቶች የተካሄደውን የባርነት ክርክር መርቷል፤ የበላይ ጠባቂዎቹ ውይይቱን ሲከለክሉም ብዙ ተማሪዎች ጥለው ወጥተው፣ ከእነርሱ ከፊሎቹ በ1835 ጥቁሮችን ለመቀበል ወደ ወሰነው ኦበርሊን ኮሌጅ ገብተዋል።

በ1826 በቦስተን የተመሠረተው ከመጠጥ የመታቀብ ማኅበር በአጭሩ ተዳስሷል፤ ይህም በቂ ነው። የማልስማማው ዶሮቲያ ዲክስ ስለ አእምሮ ሕሙማን በ1843 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ያቀረበችው አቤቱታ ከመነቃቃቱ ፍሬዎች አንዱ ሆኖ መቆጠሩ ነው፤ እርሷ የሥላሴን ትምህርት ከማይቀበሉት ክርስቲያኖች፣ ከዩኒታሪያኖች ወገን እንጂ ከፊኒ ዓይነት ሰባኪዎች ጎራ አልነበረችም። ከዚህ የከፋው ግን ሪቻርድ አለን በ1816 በፊላደልፊያ የመሩት የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምሥረታ ፈጽሞ አለመነሣቱ ነው። በባርነት ጉዳይ ከፕሮቴስታንት ወገኖች ሜቶዲስቶች በ1844፣ ባፕቲስቶች በ1845 ለሁለት መከፈላቸውም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተጠቅሶ ብቻ ታልፏል፤ ያው መነቃቃት በደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎችንም ያጽናና መሆኑ ግን ራሱን የቻለ ክፍል ይገባው ነበር።

የድምፅ ጥራቱ የጠራ ነው። ካርታ ግን አብሮ ስላልቀረበ፣ የኒው ዮርክንና የኦሃዮን አቀማመጥ የማያውቅ አድማጭ አንድ ካርታ አጠገቡ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።