የአውሮፕላን የልጅ ቀበቶ ከ8 ወር በኋላ፦ ከስር የሚይዝ ነገር የለውም

ወንበር ላይ የሚታሰረውን የአውሮፕላን የልጅ ቀበቶ ከገዛሁ 8 ወር ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ከልጄ ጋ ዱባይ ደርሰን መጣን፣ ባህር ዳር ሄድን፣ ባለፈው ወር ደግሞ ወንድሜ ጋ ዋሽንግተን። እስከ ዋሽንግተኑ ድረስ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ ግዙ ነበር የምላችሁ። አሁን ግን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ።

ለማታውቁት፣ ከግማሽ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። አንዱ ማሰሪያ የወንበሩን መደገፊያ ዙሪያውን ያቅፋል (ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ጠረጴዛውን ዘርግቶ እንዲያሳልፍላችሁ ትለምናላችሁ)፣ ሁለቱ ደግሞ በልጁ ትከሻ ወርደው ደረቱ ላይ ይቆለፋሉ፣ ከታች የአውሮፕላኑ የራሱ ቀበቶ ጫፋቸው ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ይገባል። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት (ኤፍኤኤ) በፈረንጆቹ 2006 የፈቀደው ዓይነት ነው፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሆነ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ላልበለጠ ልጅ። መኪና ላይ አይሆንም።

እቃው የመጣ ቀን አራት ኪሎ እናቴ ቤት ሳሎን ወንበር ላይ አስሬ ሞከርኩት። እናቴ ቡና እየቆላች ዞር ብላ አየችና «ከስር የሚይዛት የታለ?» አለችኝ። «እማዬ፣ እሱ ተፈትኖ የተፈቀደ ነው፣ አያስፈልገውም» አልኳት። «አንቀልባ እንኳ ቂጧን ይይዛል እኮ ልጄ» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። እኔ ዝም አልኩ፣ ለእሷ ያረጀ ነገር መስሎኝ።

ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ነቅታ ስለነበር ምንም አልሆነም። ባህር ዳርማ ገና ከረሜላዋን ሳትጨርስ ደረስን። ዋሽንግተን ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ እኔም ድካም ጣለኝና ትንሽ አሸለብኩ። ስነቃ ልጄ ወደ ታች ተንሸራታ ደረቷ ላይ የነበረው መቆለፊያ አገጯ ስር ደርሷል፣ ጭኗ ላይ መሆን የነበረበት የወገብ ቀበቶ ሆዷ ላይ ወጥቷል፣ ቂጧ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፣ እግሯ ተንጠልጥሏል። እሷ ተኝታለች፣ እኔ ላብ አጠመቀኝ። በእግሯ መሃል የሚያልፍ አንድ ማሰሪያ ቢኖረው ይሄ አይሆንም ነበር! ነጠላዬን አጣጥፌ በእግሯ መሃል አሳልፌ ልቋጥረው ስል ሆስተሷ አየችኝና «እህት፣ ይሄን ይፍቱት፣ ከቀበቶው ውጪ ሌላ ነገር ማሰር አይፈቀድም» አለችኝ። በጣም ደግ ልጅ ናት። ቁጭ ብላ ሁሉንም ፈታችው፣ የልጄን ቂጥ እስከ መደገፊያው ድረስ ወደ ኋላ ገፋችው፣ መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ ዝቅ አርጋ ጭኗ ላይ ጥብቅ አረገችው፣ የትከሻውን የሳበችው መጨረሻ ላይ ነው። ለካ እኔ 8 ወር ሙሉ ገልብጬ ነው ሳስር የነበረው፣ ትከሻውን መጀመሪያ። ከዛ በኋላ ተሻለ፣ ግን አልቆመም፣ እስክናርፍ አምስት ስድስቴ አስተካክያታለሁ።

ምክንያቱን አሁን ገብቶኛል። የአውሮፕላን ወንበር ለትልቅ ሰው የተሰራ ስለሆነ የልጅ ጉልበት ጫፉ ጋ አይደርስም፣ ጉልበቷን አጥፋ ለመቀመጥ ደግሞ ራሷን ወደ ፊት ታንሸራትታለች፣ ሲያንቀላፋ ማንም ልጅ ይሄንኑ ነው የሚያረገው። የሚሸጡት ሰዎች ግን «ከ1 ዓመት ጀምሮ ይሆናል» ነው የሚሏችሁ። አንተ ሻጭ፣ ዓመቷን ተወው፣ የእግሯን ርዝመት ጠይቀኝ! «10 ኪሎ ከሞላች በቃ» ትላለህ፣ ሞልታለች፣ ስንገዛ አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ጋ ጫማዋን አውልቄ መዝኛታለሁ፣ 10 ተኩል ነበረች፣ ታዲያ ተንሸራታለች። ሻጮቹ የማይናገሩት ሌላም አለ፣ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ እናቱ ጭን ላይ በቅናሽ ይሄዳል፣ ይሄ ቀበቶ ግን ጭን ላይ አይታሰርም፣ የራሷ ወንበር ትኬት መቁረጥ አለባችሁ። ለዱባይ ያንን ከፍያለሁ፣ ቀድሞ የነገረኝ ግን የለም።

እንደዛም ሆኖ አልሸጠውም። አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኑ ድንገት ወረደ፣ የጁስ ብርጭቆዬ ተነስቶ ፊት ለፊቴ ያለው መደገፊያ ላይ ፈሰሰ፣ ሰው ሁሉ እግዚኦ አለ። ልጄ ከወንበሯ ፍንክች አላለችም። ከመተላለፊያው ማዶ አንዲት እናት ሕፃኗን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጥርሷን ነክሳ ይዛ ነበር፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነው። ያቺን ሴት እስካሁን አልረሳኋትም። በፈረንጆቹ 1989 አሜሪካ ሱ ሲቲ ላይ በወደቀው አውሮፕላን ጭን ላይ የነበሩ 4 ሕፃናት ነበሩ፣ የሚታሰሩበት ስላልነበረ ወላጆቻቸው ወለል ላይ አርገው እንዲይዟቸው ነበር የተነገራቸው፣ አንዱ ሞተ። ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ የእናት ክንድ ይበቃል የሚለኝን ሰው መስማት ትቻለሁ።

ግን ቀበቶውን የምትሰሩ ሰዎች፣ ያቺን በእግር መሃል የምታልፍ አንድ ማሰሪያ አርጉላት፣ እባካችሁ። የእናቴ አንቀልባ ያላትን ነገር ነው የምጠይቃችሁ።

ልጄ አሁን 12 ኪሎ ልትገባ ነው፣ እግሯም ረዝሟል። ለመስከረም ዱባይ ትኬት ቆርጠናል፣ የቀን በረራ፣ እናቴም አብራን ናት፣ ከልጅቷ አጠገብ የምትቀመጠው እሷ ነች።