ነፋስ የማይፈራው ቴፕ ክብደት ይፈራል

የሕንፃ መስታወት በቴፕ ይለጠፋል ስል ብዙ ሰው ይስቃል። ቴፕ ሲባል ካርቶን የሚታሸግበት ነው የሚታየው። ይሄኛው ከአክሪሊክ ፎም፣ ማለትም ከስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ፣ በሁለቱም ፊቱ የሚጣበቅ፣ 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጥቁር ቴፕ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ስሪኤም (3M) እ.ኤ.አ. በ1980 ቪኤችቢ ብሎ ካወጣው ወዲህ ይህን ዓይነት ቴፕ የሚሠሩ በርክተዋል። እኔ ለወራት የሠራሁበትን ስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ ዓይነቱ ነው።

ወደ ቴፕ የገባሁት ሲሊኮን መጠበቅ ስለሰለቸኝ ነው። መስታወቱን ከአሉሚኒየም ፍሬሙ ጋር የሚያጣብቀው፣ ከአንድ ቱቦ የሚወጣው ስትራክቸራል ሲሊኮን እስኪደርቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ፓነሉ ወርክሾፑን ይዞ ይተኛል። ቴፑ ግን ወዲያው ይይዛል። በክፍል ሙቀት በ20 ደቂቃ ግማሽ ጥንካሬው ላይ ይደርሳል፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶ፣ በ72 ሰዓት ሙሉ። በዚህ በኩል ቃሉን ጠብቋል። ፓነሎቹ በማግስቱ ከጠረጴዛ ይነሳሉ።

ዋናው ጉዳይ ወዲህ ነው። ይህ ቴፕ ሁለት ጠባይ አለው። ድንገት ሲስቡት ይጠነክራል፤ ቀስ ብሎ ሳያቋርጥ ሲጎተት ደግሞ ይለጠጣል። በታወቁት የመስታወት ቴፖች ሰነድ ላይ ለነፋስ የሚሰላው ጥንካሬ 85 ኪሎፓስካል (በስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። ለቋሚ ክብደት የሚሰላው ግን 1.7 ብቻ። ሃምሳ እጥፍ ልዩነት! ብዙ ሻጭ የመጀመሪያውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይነግርሃል፣ ሁለተኛውን ካልጠየቅከው አያነሳውም።

እስቲ እናስላው። 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት 43 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የነፋሱ ግፊት 1.5 ኪሎፓስካል ቢሆን፣ ለነፋሱ ዙሪያውን 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቴፕ ይበቃል። ክብደቱን ብቻውን ይሸከም ካልን ግን ወደ 35 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ያን የሚያህል ፍሬም ማን ያሠራል? ስለዚህ መስታወቱ ከስር የጎማ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፣ ቴፑ ነፋሱን ይያዝ። እኔ አሁን ያለ ድጋፍ አንድም ፓነል አላወጣም። ይህ ግምታዊ ስሌት ነው፤ የሕንፃውን ቁጥር መሐንዲሱ ነው የሚፈርምበት።

ይህንን በወረቀት ብቻ አልተውኩትም። ቁራጭ መስታወት አሉሚኒየም ላይ ለጥፌ ከሚፈቀደው በላይ ክብደት አንጠለጠልኩበት። ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ አሉሚኒየሙ የሚሻገር ቀጭን መስመር በማርከር አሰመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። ከሳምንታት በኋላ ግን የመስመሩ ሁለት ጫፎች አልገጥም አሉ። ፀሐይ የሚያገኘው ናሙና ከጥላው ቀድሞ ወርዷል። አልወደቀም፣ ድምፅ አላሰማም፤ ዝም ብሎ ተንሸራተተ።

ሁለተኛው ፈተና መላጥ ነው። ቴፑን በ90 ዲግሪ እየሳብክ ታያለህ። መሃሉ ተቀድዶ በሁለቱም በኩል ጥቁር ከቀረ ግሩም ነው፤ ከማጣበቂያው በፊት ፎሙ ተሸነፈ ማለት ነው። አሉሚኒየሙ ንጹህ ሆኖ ካብለጨለጨ ግን አትለጥፍ። የፓውደር (የዱቄት) ቀለም የተቀባ ፕሮፋይል፣ ማለትም የፍሬሙ አሉሚኒየም፣ እዚህ ላይ አናዶኛል። ቀለሙ ያው፣ የቀለም ቁጥሩ ያው፤ አንድ ጊዜ የመጣው ሲይዝ ሌላ ጊዜ የመጣው ላጥ ብሎ ይመጣል። አቅራቢው «አንድ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጭነት ሲመጣ ቆርጬ ሳልፈትን አልቀበልም።

ጽዳቱ ላይ ቀልድ የለም። አይሶፕሮፒል አልኮል ከውሃ ጋር እኩል በእኩል፣ አንድ ጨርቅ ለመጥረግ፣ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ለማድረቅ። መስታወት እርጥበት ስለሚወድ አምራቹ ያዘዘው ፕራይመር (ቴፑ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ) ይቀባል። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ሥራ የለም፤ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቴፑ ይደርቅና ወደ ገጹ አይገባም። ከዚያ በሮለር ጠበቅ አድርጎ መጫን። ደስ የሚለው መስታወቱ ራሱ ሥራህን ያሳይሃል፦ ከፊት ለፊት ስታየው የያዘው ቦታ ድፍን ጥቁር ነው፣ አየር የቀረበት ግራጫ ይላል።

የሙቀት መለጠጥን በደንብ ችሎታል። በ2.4 ሜትር ርዝመት፣ በ50 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ አሉሚኒየሙ ከመስታወቱ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል በላይ ይበልጣል። ፎሙ ያንን እየተላወሰ ይውጠዋል። ዝናብን መከላከል ግን የቴፑ ሥራ አይደለም፤ የውጭ ክፍተቱ በሲሊኮን ይታሸጋል።

የማልወድለት ሁለት ነገር አለ። ፕሮፋይሉ ትንሽ ከተጣመመ ሲሊኮን ክፍተቱን ይሞላል፣ ቴፑ አይሞላም። ደግሞ አንዴ ከነካ አበቃ፣ ትንሽ ወደ ግራ የሚባል ነገር የለም። መስታወት ሲሰበር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቀጭን የብረት ሽቦ በሁለት እንጨት እጀታ አስረህ ለሁለት ሆናችሁ እንደ መጋዝ እየሳባችሁ ፎሙን ትቆርጣላችሁ። የቀረውን ጥቁር ከአሉሚኒየሙ ላይ ቀለሙን ሳይቧጭሩ ማንሳት ከሰዓቱን ይበላዋል። ለጥገና ውል ዋጋ የምትሰጡ ከሆነ ይህቺን ሰዓት አስገቧት።