ስሜትን መጻፍ ወይስ ለሰው መናገር?
እንደ ስኳር፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ካሉ ለዓመታት ከሚዘልቁ በሽታዎች ጋር የሚኖር ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ከመውሰድ ባሻገር ቁጣውን፣ ስጋቱንና ሐዘኑን የሚያስተነፍስበት የየዕለት ልማድ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም በብዛት የሚመከሩት ስሜትን መጻፍና ለሚታመን ሰው መናገር ናቸው።

የመጻፍ ትልቁ ጥቅም ማንንም አለመጠበቁ ነው፤ ሕመም እንቅልፍ በነሳበት ሌሊትም ወረቀቱ አይሰለችም፣ አያቋርጥም፣ ምክርም አያበዛም። ረጅም ጊዜም አይጠይቅም፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔነቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎቹ የጻፉት ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ከስሜቱ ጎን የእንቅልፍንና የድካምን ሁኔታ ማስፈር ደግሞ ለሐኪም የሚጠቅም መረጃ ያስገኛል። ሆኖም ያንኑ ምሬት በየቀኑ እየደጋገሙ መጻፍ መብሰልሰልን ሊያባብስ ይችላል።

በዚህ ረገድ መናገር ይሻላል፤ አድማጭ ይጠይቃል፣ ብቸኝነትንም ይሰብራል። ጉድለቱ አድማጩም የሚደክም መሆኑ ነው (የ«አይዞህ» ብዛትም አንዳንዴ አፍ ያዘጋል)።

በእኔ ግምት ለዘወትሩ መጻፍ ይቀድማል፤ ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ግን ለባለሙያ መናገር ያስፈልጋል፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም ለነገ ሊባል አይገባም።