ጉቦኛው ሹም ወይስ ደላላው?

ለኅዳር 30፣ ለፀረ ሙስና ቀን፣ ድራማ የምታዘጋጁ የደብረ ማርቆስና የፍኖተ ሰላም ክበቦች፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ይሁን?

ሹሙ፦ ሱፍ፣ ማኅተም፣ ትልቅ ወንበር። አልባሳቱ ወጪ አለው። ባሕርዩ ግን ቀላል ነው፤ ይኮራል፣ ይፈራል፣ ይስገበገባል። አደጋው ጩኸት ነው። ተዋናዩ ገና ከመግባቱ ከጮኸ ተመልካች ይሰለቸዋል።

ደላላው፦ ጋቢና ስልክ ይበቃዋል። ከባዱ ሚና ግን የሱ ነው እላለሁ። «ጉቦ» የምትለዋን ቃል አንዴም አይጠራትም። ማዳበሪያ ፈልጎ የመጣውን ገበሬ ትከሻውን አቅፎ «አያ፣ አለቃን ሻይ ቢጋብዟቸው ምናለ?» ይለዋል። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ተመልካቹ ወርቁን ወዲያው ይይዘዋል፣ ስለዚህ ማብራሪያ አትጨምሩ፤ በጣም ያበላሻል። አደጋው መወደዱ ነው። እያሳቀ ሌብነቱን ያስረሳል፣ ስለዚህ ገበሬው ብሩን ከመቀነቱ ሲፈታ በደንብ ይታይ።

አዳራሹ ሰፊ፣ ተዋናዮቹ ጀማሪ ከሆኑ ሹሙን መሃል አድርጉት። ክፍሉ ጠባብ ከሆነና ምላሱ የሰላ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ደላላውን።