ዎርድ ውስጥ ያለችው የንባብ መለኪያ፦ ሁለት ሴሚስተር ከሠራሁባት በኋላ

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሃንድአውቱን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። አምና አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ ሃንድአውቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ከየመስመሩ በላይ በእርሳስ አማርኛ ጽፋበታለች። «ኤሌክትሮማግኔቲክ» የሚለው ላይ ምንም የለም። «ዌርአዝ»፣ «አንለስ»፣ «ሄንስ» የሚሉት ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አለ። «ቲቸር፣ ፊዚክሱ አይደለም የከበደኝ። እንግሊዝኛው ነው» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ክብደት የምትለካ ነገር እንዳለች ትዝ ሲለኝ ተነስቼ ከፈትኳት።

አከፋፈቷ ቀላል ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ ውስጥ ትገቡና «ሾው ሪዳቢሊቲ ስታቲስቲክስ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ከዚያ ኤፍ 7ን ትጫናላችሁ። የፊደል ማረሚያው ሥራውን ሲጨርስ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። እኔ የምጠቀመው ዎርድ 2016 ነው፤ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

መስኮቷ ላይ ዋናዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው የንባብ ቅለት ነጥብ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጽሑፉ ቀለለ ማለት ነው። ከ60 እስከ 70 ያለው ግልጽ እንግሊዝኛ ይባላል፤ ከ30 በታች በጣም ከባድ ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ሩዶልፍ ፍሌሽ ቪየና ተወልዶ ያደገ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ነበር። ይሄ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ቁጥር የክፍል ደረጃ ነው። እሱን ደግሞ እነ ኪንኬይድ እ.ኤ.አ. በ1975 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥልጠና ጽሑፎች አዘጋጁት።

የኔ ሃንድአውት ስንት አመጣ? 30። የክፍል ደረጃው 15። አንዱ አረፍተ ነገር በአማካይ 24 ቃል። ደነገጥኩ። ደረጃው የሚነገረው በአሜሪካ ትምህርት ቤት ክፍሎች ልክ ነው፤ ከቤቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ባደገ ልጅ። የኔ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ የሚያወሩበት ቦታ እንኳ የላቸውም።

እናም መቁረጥ ጀመርኩ። ረጅሙን ለሁለት፣ ለሦስት። በሳምንቱ ነጥቡ 48 ደረሰ፣ የክፍል ደረጃው ወደ 10 ወረደ። ደስ አለኝ። ስህተቴን ያየሁት በፈተናው ነው። መጀመሪያ «ቻርጁ መንገድ ስለሌለው ከረንቱ ይቆማል» የሚል አረፍተ ነገር ነበረኝ። «ቢኮዝ»ን አውጥቼ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፦ «ቻርጁ መንገድ የለውም። ከረንቱ ይቆማል።» ነጥቡ ከፍ አለ። ፈተና ላይ ግን ብዙዎቹ ሁለቱን እንደማይገናኙ ነገሮች ለየብቻ ዘረዘሯቸው። ምክንያቱን ከመሀል ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን «ቢኮዝ» ያለበትን አልነካም፣ ቢረዝምም ይርዘም።

ሌላው ድክመቷ ይሄ ነው። የምትቆጥረው የአረፍተ ነገሩን ርዝመትና በየቃሉ ውስጥ ያለውን ሲላብል (የቃሉን የድምፅ ክፍሎች) ብቻ ነው። በወረቀት አስልቼ አይቼዋለሁ። «ዘ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ኦፕንስ ኦን ሳተርዴይ» 6 ቃል፣ 15 ሲላብል ነው። በቀመሩ ሲሰላ ከዜሮ በታች 11 ይመጣል። «ዘ ኔት ፍላክስ ስሩ ዘ ስፊር ኢዝ ኒል» ደግሞ 8 ቃል፣ 8 ሲላብል ነው፤ 114 ይመጣል። ቅዳሜ ላይብረሪ መከፈቱን የማይረዳ ተማሪ የለኝም። ፍላክስ የሚባለውን የፊዚክስ ሐሳብ ለማስረዳት ግን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል።

በአማርኛ ሞጁል የምታዘጋጁ ደግሞ ይህን ቀመር ተዉት። የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። «አላስተማሯቸውም» በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይወጣዋል፣ እኛ ዘንድ አንድ ነው። ረጅም ነው፣ ግን የትኛውም ሕፃን ይለዋል። ለራሳችን ቋንቋ የሚሆን መለኪያ ቢሠራልን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ታዲያ ለምን አልተውኳትም? ለኔ ስለምትጠቅመኝ ነው። ማታ ደክሞኝ ስጽፍ አረፍተ ነገሬ ባቡር ይሆናል፣ እሷ ወዲያው ታሳየኛለች። አንዱን አንቀጽ ብቻ መርጬ ስለካ የትኛው ገጽ ላይ እንደከበድኩ አውቃለሁ። ለዚህ ለዚህ ከልቤ እመክራታለሁ።

ተማሪውን ለመለካት ግን ሌላ ነገር ጨመርኩ። ዊልሰን ቴይለር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ዘዴ ነው። ከሃንድአውቱ 250 ቃል ያህል እወስዳለሁ፤ በየአምስተኛው ቃል ቦታ ባዶ መስመር አደርጋለሁ። 50 ባዶ ቦታ ይወጣል። ማርክ እንደሌለው ነግሬ «ሙሉ» እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኞቹ 20 እንኳ አልሞሉም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ባዶ የቀሩት ስሞቹ አይደሉም፣ ማያያዣዎቹ ናቸው። ያቺ ተማሪ በእርሳስ ያሳየችኝ ቦታ ላይ ነው የተሰናከሉት።

ዘንድሮ ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጽፌዋለሁ። «ሄንስ» የነበረበት ሁሉ «ሶ» ገብቷል። ባዶ ቦታውን ሲሞሉ ለውጡ በግልጽ ታየ። ዎርድ ላይ ግን ነጥቡ ንቅንቅ አላለም፤ ሁለቱም አንድ አንድ ሲላብል ናቸው።