የእብነበረድ ስቲከሬ ከ14 ወር በኋላ

ይህን ስጽፍ ከሲንኩ አጠገብ ያለው ጠርዝ እንደገና ተነስቷል። ሦስተኛ ጊዜው ነው።

የኮንዶሚኒየማችን ኩሽና ካውንተር ነጭ ሴራሚክ የተለበጠ ሲሚንቶ ነው። ነጭ ነበር ማለት ይሻላል። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ቦይ የስንት ዓመት ዘይትና በርበሬ ጠጥቶ ጠቁሯል። በበረኪና ዘፈዘፍኩት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ወይ ፍንክች። ግራናይት አስለክቼም ነበር። ሊለካ የመጣው ሰው ዋጋውን ሲነግረኝ «እሺ፣ እደውልልሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ይኸው እስካሁን አልደወልኩም።

ለአዲስ ዓመት ቤቱ ይመርልኝ ብዬ ጳጉሜን ላይ መርካቶ ወረድኩና ራሱ የሚለጠፍ፣ እብነበረድ የሚመስል የፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ስቲከር ገዛሁ። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር። ከግራናይቱ ዋጋ አንድ አስረኛውን እንኳ አይሞላም። እናቴ ሮሉን ዳበስ አድርጋ «ወረቀት ነው እንዴ የምትለጥፊው?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት የሴራሚኩን ቦይ በግድግዳ ስቱኮ መሙላቴ ነው። ሳይሞላ ከተለጠፈ ቦዩ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ መሙላቱስ ትክክል ነው። ግን ስቱኮ ውሃ ሲነካው ይላላል። ሲንኩ ዙሪያ ዱቄት ሆኖ ስቲከሩን ይዞት ተነሳ። እዚያ ቦታ የሴራሚክ ማጣበቂያ ነበር መጠቀም የነበረብኝ። ከዚያ ካውንተሩን በላርጎ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ወለወልኩት። ይህችን ነገር አትዝለሏት። ቅባት ካለ አይዝም።

አለጣጠፉ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ባለቤቴ ጀርባውን ወረቀት ቀስ እያለ ሲስብ፣ እኔ በጨርቅ በጠቀለልኩት የድሮ ኤቲኤም ካርድ አየሩን እየገፋሁ ተከተልኩት። ማዕዘኑ ላይ በፀጉር ፎን እያሞቅኩ ሳጥፈው እንደ ሊጥ ታዘዘኝ። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። በብርዱ ጎትቼ ለጠፍኩት፤ እስካሁንም እሱ ጥግ እንደተነፋ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉራዬን አልቻልኩትም። ጎረቤት ሲገባ መጀመሪያ ኩሽና ነበር የማሳየው። የቁሌት ፍንጣሪ በእርጥብ ጨርቅ ውልቅ ይላል። እርድ ግን ሌላ ነው። አልጫ ስሠራ የነካው ቦታ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ቢላም አይችልም። መክተፊያውን ረስታችሁ አንዲት ቃሪያ ብትቆርጡበት መስመሩ እዚያው ይኖራል።

ትልቁ ጣጣ ሙቀት ነው። አንድ ዓርብ እናቴ የሽሮዋን ሸክላ ድስት ከምድጃ አንስታ እንደተንተከተከች እላዩ ላይ አስቀመጠቻት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ 80 አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የሸክላው ቂጥ ስንት እንደሆነ እናንተው አስቡት። ድስቷን ሳነሳ ስቲከሩ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ክብ ሠርቷል። እናቴ «ወረቀት ነው ብዬሽ ነበር» አላለችም። አየችኝ ብቻ።

ጥገናው ግን ካሰብኩት በላይ ቀሎኛል። ከተረፈኝ ቁራጭ ላይ አራት ማዕዘን ቆርጬ ብለጥፍ ጥጋኙ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። ስለዚህ የእብነበረዱን ግራጫ ጅማት ተከትዬ በከተር አጣምሜ ቆረጥኩትና ጅማቱን ከጅማቱ ጋር አገጣጠምኩት። የት እንደሆነ አሁን እኔም ፈልጌ ነው የማገኘው።

ከምድጃው አጠገብ ያለውን ግን ተስፋ ቆርጬ አነሳሁት። በፎን ሲሞቅ ይላቀቃል፤ የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠረግኩት (ምድጃው ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ!)። በቦታው ከግራናይት ቆራጮች የተረፈ 40 በ60 ቁራጭ በርካሽ ገዝቼ አስቀመጥኩ። ትኩስ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀለሙ ከስቲከሩ ጋር አይሄድም፣ ግን ማን ያያል።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? ተከራይ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ፤ ስትወጡ አንስታችሁት ትሄዳላችሁ። አሁንም ብሆን እገዛለሁ፤ ግን ወፍራሙን፣ ደግሞም ለደረቁ ቦታ ብቻ። ሲንኩ ዙሪያ በለጠፍኩ ዕለት ሲሊኮን ባስቀባው ኖሮ ይሄ ጠርዝ አሁን አይነሳም ነበር። ሲሊኮኑን ትናንት ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ባለቤቴ ቤት ስለሚውል እሱ ይቀባታል።