ዊንዘር በባቡር፦ በፓዲንግተን ወይስ በዋተርሉ?

ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ ለንደን የምንኖር ሰዎች አንድ ጥያቄ አይቀርልንም። ቢግ ቤን ታየ፣ ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሳን፣ ገበያም ተወጣ። ከዚያ እንግዳው ሻዩን እየጠጣ "የልዑል አለማየሁን መቃብር አታሳየኝም?" ይላል። መቃብሩ ያለው ዊንዘር ነው፤ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን።

ዊንዘር ትንሽ ከተማ ናት፤ የባቡር ጣቢያዋ ግን ሁለት ነው። ሁለቱም የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1849 ነው። ሁለት የባቡር ኩባንያዎች ንግሥት ቪክቶሪያ ደጃፍ ቀድሞ ለመድረስ ሲሽቀዳደሙ አንዱ ኦክቶበር ላይ ገባ፣ ሌላው ዲሴምበር ላይ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ ሁሉ ሲመርጥ ይኖራል። እኔም እንግዳ እየወሰድኩ በሁለቱም ተመላልሻለሁ።

በዋተርሉ ልጀምር። ቀላሉ እሱ ነው። ዋተርሉ ጣቢያ የሳውዝ ዌስተርን ሬልዌይን ባቡር ትሳፈራላችሁ፤ መጨረሻው ዊንዘር ኤንድ ኢተን ሪቨርሳይድ ነው። ቅያሪ የለም። ብታንቀላፉም ያው ዊንዘር ላይ ትነቃላችሁ። ባቡሩ በክላፓም ጃንክሽን፣ በሪችመንድ፣ በትዊክንሃምና በስቴንስ ያልፋል። ብዙ ቦታ ስለሚቆም አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አብዛኛውን ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ አለ፤ አንዱ ካመለጣችሁ ዋተርሉ ላይ ቡና መጠጣት ነው።

የፓዲንግተኑ ፈጣን ነው፤ ግን መቀየር አለበት። ከፓዲንግተን በግሬት ዌስተርን ፈጣን ባቡር ስላው የሚባለው ጣቢያ ለመድረስ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እዚያ ወርዳችሁ ወደ መድረክ 1 ትሄዳላችሁ። ስላውና ዊንዘር መካከል ብቻ ስትመላለስ የምትውል አጭር ባቡር አለች። መንገዷ 6 ደቂቃ ነው፤ መሃል ላይ ጣቢያ የላትም። ቅያሪው ከገጠመላችሁ ጠቅላላ ጉዞው 40 ደቂቃ አይሞላም። ካልገጠመላችሁ ስላው ላይ ቆማችሁ ንፋስ ትመታላችሁ። ግን እሷም ቶሎ ቶሎ ስለምትመላለስ ያን ያህል አያስመርርም።

ሐምራዊዋ ኤልሳቤጥ መስመርም ስላው ትደርሳለች። ከምሥራቅ ለንደን ለሚነሳ ሰው፣ ለምሳሌ ከኋይትቻፕል ወይም ከሊቨርፑል ስትሪት፣ ሳይቀይር ስላው ታወርደዋለች። ቀስ ትላለች፣ ብዙ ቦታ ትቆማለች፤ ግን ደረጃ ከመውጣትና ከመውረድ ታድናለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ሰሌዳው ላይ "ሂትሮው" ካለ አትሳፈሩ። ያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነው የሚታጠፈው። "ሬዲንግ" ወይም "ሜይደንሄድ" የሚለውን ጠብቁ። እኔ አንድ ጊዜ ወሬ ይዞኝ እንግዳዬን ተርሚናል ድረስ መልሼ ወስጄዋለሁ። "ገና ሳልጠግብ ልትሸኘኝ ነው?" አለኝ።

እስካሁን በሰዓት ካየነው ፓዲንግተን ያሸንፋል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ግን ከወረዳችሁ በኋላ ነው።

እናቴ ስትመጣ ጉልበቷን ስለሚያማት "ቅያሪ የሌለው ይሻላታል" ብዬ በዋተርሉ ወሰድኳት። ባቡሩ ውስጥ ደስ ብሏት መጣች። ሪቨርሳይድ ወርደን ቀና ስትል ቤተ መንግሥቱ ከላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ታያት። "እዚያ ነው የምንወጣው?" አለች። ለወጣት አሥር ደቂቃ የማይሞላ ዳገት ነው። ለእሷ ግን ሦስት ጊዜ ተቀምጠን ነው የደረስነው። ግቢው ውስጥም ሌላ ዳገት ስላለ እዚያ ስንደርስ ጉልበቷ አልቆ ነበር።

በሁለተኛው ጉብኝት በስላው በኩል ሄድን። ዊንዘር ኤንድ ኢተን ሴንትራል ማለት የቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ማለት ነው። ጣቢያው ራሱ በከፊል የገበያ አዳራሽ ሆኗል። በሱቆቹ መሃል አልፋችሁ ስትወጡ ግንቡ ከመንገዱ ማዶ ነው። ስላው ላይ ሊፍት ስላለ ቅያሪው እሷን አላስቸገራትም፤ የፈራሁት በከንቱ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ወይም የልጅ ጋሪ ይዞ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምክር በስላው በኩል ነው። "ቀጥታ ባቡር ለአዛውንት ይሻላል" የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም።

በዚህኛው መንገድ ሲሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ። ልትደርሱ ስትሉ ባቡሯ ቴምዝን በብረት ድልድይ ትሻገራለች። ኢንጂነር ብሩኔል የሠራው ነው፤ ከ1849 ጀምሮ ያው ቆሟል። ቤተ መንግሥቱም በዚያው በኩል ብቅ ይላል።

ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም፤ በእሱ አትጨነቁ። ይልቅ ከጠዋቱ የሥራ ሰዓት መጨናነቅ በኋላ የሚሠራውን ርካሽ ደርሶ መልስ ያዙ። ከ3 እስከ 9 ሰው ሆናችሁ አብራችሁ ከተጓዛችሁ በሁለቱም መስመር በቡድን ቅናሽ ሲሶው ይቀነስላችኋል፤ ቲኬት ስትቆርጡ "ግሩፕ ሴቭ" በሉ። የለንደኑ የጉዞ ካርድ ኦይስተር ዊንዘር አይሠራም። በአንዱ መስመር ሄዳችሁ በሌላው ለመመለስ ካሰባችሁ ደግሞ ቲኬቱ ለሁለቱም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከባቡሩ ምርጫ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው ቀኑን ነው። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። እሑድ ክፍት ነው፤ ነገር ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ ለአለማየሁ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ የቀራችሁ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። በሩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይከፈታል። የመግቢያው ቲኬት ለአዋቂ 30 ፓውንድ አካባቢ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይዛችሁ አትሂዱ። ሻንጣ ይዛችሁም አትሂዱ፤ በሩ ላይ ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም።

ውስጥ ገብታችሁ ብዙ ታያላችሁ፤ የንጉሣዊ አዳራሾቹን፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ያረፈችበትንም። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ጋርተር የሚባለውን የእንግሊዝ የክብር ማኅበር ኒሻን ተሸልመዋል፤ የዚያ ማኅበር ቤተ ክርስቲያንም ይኸው ነው። የእኛ ሰው ግን ለአንዲት የናስ ሰሌዳ ነው የሚሄደው። አለማየሁ በመቅደላ ጦርነት ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁን እንግሊዞች ይዘውት መጡ። እ.ኤ.አ. በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተ፤ ቪክቶሪያ እዚህ አስቀበረችው። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ በ2023 ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለውም፤ የሌሎቹን ማረፊያ ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ።

ቪክቶሪያ ያሠራችው ሰሌዳ ላይ ከወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፦ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል።" ለእናቴ ተረጎምኩላት። ቆም ብላ አየችውና "ተቀበሉት እንዴ? ወሰዱት እንጂ" አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች።

ለመግቢያው ገንዘብ የሚያጥረው ሰው የማታውን የጸሎት አገልግሎት መካፈል ይችላል፤ ለጸሎት የመጣ ሰው ቲኬት አይጠየቅም። ያኔ እንደ ጎብኚ እየዞሩ ማየት የለም፤ ተቀምጦ መዘምራኑን መስማት ነው። አገልግሎቱ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሱቆቹም እየዘጉ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ስመለስ ወደ ሪቨርሳይድ ነው የምወርደው። ቁልቁለት ስለሆነ እናቴም አልተቃወመችም፤ ባቡሩም ከዚያ ስለሚነሳ መቀመጫ አይጠፋም። ሪችመንድ ሳንደርስ ተኝታ ነበር።